ካሜራውን አብራው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከቢሮዬ ደጃፍ ላይ ነው ፖሊሶች የያዙኝ። አንዱ ላፕቶፔን በብብቱ ሸጎጠው። "ቀስ አድርገህ ያዘው፣ እንዳይወድቅ" ስለው ማጅራቴን ይዞ ገፈተረኝ።

ያሰሩኝ ክፍል የድሬን ሙቀት አምቃ የያዘች፣ ላብ ላብ የምትሸት ነበረች። የታይዋን ገበያ ነጋዴ የሆነ አንድ ጎልማሳ ከምንጣፉ ላይ ጠጋ አለልኝ። "አንተ ደግሞ ምን አድርገህ ነው?"

"ገበሬው ገና እንዳይዘራ መክሬ።"

ሥራዬ ይኸው ነው። የአፈሩን ዓይነት፣ የዝናቡን ሁኔታና የዘሩን ጠባይ ለኮምፒውተር እሰጠዋለሁ፤ እሱ ማሳው ላይ የሚሆነውን አስቀድሞ አስልቶ ያሳየኛል። በዚያ በልግ "የመጀመሪያው ዝናብ አታላይ ነው፣ የማሽላው ቡቃያ ይደርቃል" አለኝ። የአስተዳደሩ አለቆች ደግሞ "ሁሉም አሁኑኑ ይዝራ" ብለው ዘመቻ አውጀዋል። እኔ ያየሁትን ለገበሬዎቹ ነገርኳቸው፤ ሕዝብ አሳምፀሃል ተባልኩ። ካሜራ ፊት ሆኜ ኮምፒውተሩ ተሳስቷል ካልኩ እንደሚፈቱኝ ነገሩኝ።

"አቦ፣ ተሳስቷል በልና ውጣ!" አለ ነጋዴው። "ኮምፒውተር እንደሆነ አያኮርፍ!"

ሳቄ አመለጠኝ። "እሱስ አያኮርፍም። እኔን ሰምቶ ዘሩን የሚበትነው ገበሬ ግን ሌላ ዘር የለውም።"

ነጋዴው ከራሱ ጠርሙስ ውሃ አቀበለኝ።

በማግስቱ መርማሪው ካሜራ ፊት አስቀመጠኝ። "ጀምር።"

"ኮምፒውተር ሊሳሳት ይችላል" አልኩ። "የተሳሳተ ለታ እኔው ራሴ እናገራለሁ። ዛሬ ግን አልተሳሳተም።"

ጠረጴዛውን በጡጫ መታው፤ ሰደበኝ። ቀጥሎ ካሜራውን አጠፋና በሩን ገርመም አድርጎ ድምፁን ቀነሰ። "አባቴ እዚሁ ገጠር ማሽላ ይዘራል። ይዝራ ወይስ ይጠብቅ?"

ደሜ ፈላ። ወይ ጉድ! ልሰድበው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ሽማግሌው አባቱ ምን አደረጉኝ?

"አፈሩ አሸዋማ ነው ወይስ ጥቁር ዋልካ?"

"አሸዋማ።"

"ይጠብቁ። ዝናቡ ሲደላደል ቶሎ የሚደርሰውን ዘር ይዝሩ። በል አሁን ካሜራውን አብራውና ይህንኑ ልድገመው።"

አላበራውም። ወደ ክፍሌ መለሰኝ። ከሳምንታት በኋላ ምንም ሳይሉኝ ለቀቁኝ።

ዛሬም እንጀራዬ ያው ነው። በልግ በመጣ ቁጥር ስሙን የማይናገር ሰው ይደውልልኛል። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ አሁንም ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀው። እኔ ቢሮው ሙሉ ሰው እየሰማ፣ ጮክ ብዬ እመልስለታለሁ።