የእትየ የብርጓል ቦኖ

እትየ የብርጓልን የቦኖ ጠባቂ ያደረጋቸው ሐዘን ነው። ልጃቸው ትሕትና በሐምሌ ውሃ ልትቀዳ ወንዝ እንደ ወረደች ደራሽ ጎርፍ ወሰዳት። ባለቤታቸው አቶ እንዳላማው ከቀብር መልስ ከቤት አልወጣ አሉ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ደምበጫ እየተመላለሱ ወረዳውን ደጅ ጠኑ። ክረምት አልፎ ክረምት ሲተካ ተሳካላቸው፤ ከተራራው ምንጭ በፕላስቲክ ቱቦ የተሳበው ውሃ መንደሩ መሃል ከቆመው ቦኖ ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ቱቦውን እንደ ልጅ ጠበቁት። ጎርፍ የገፈፈውን አፈር ይመልሱበታል፤ ገበሬ ማረሻውን ሲያስጠጋ፣ «ኧረ ተው ልጄ፣ እዚህ የተቀበረው የሰው ነፍስ ነው!» ይላሉ።

መጀመሪያ የተሰማው ወሬ የደስታ ነበር። ግጦሹን የሞላው ፌስታል እየሻገተ፣ እየሟሸሸ ይጠፋ ጀመር። ፌስታል ውጣ፣ ሆዷ ተነፍቶ የምትሞት ላም ቀረች። መንደሩ «እግዜር አየልን» አለ፤ እትየ የብርጓልም እልል አሉ። ዓመት ሳይሞላ የየቤቱ ጄሪካን ከሥሩ ያንጠባጥብ ያዘ። ቀጥሎ የጓያው ማሳ በበጋ ረጠበ። ሲቆፍሩት ቱቦው እንደ በሰበሰ ቆዳ በጣታቸው መሃል ፈረሰ።

ከወረዳ የመጣው ወጣቱ የውሃ ባለሙያ አብይ ቁራጩን አገላብጦ አየና በረዥሙ ተነፈሰ።

«እትየ፣ ፕላስቲክ የሚበላ ባክቴሪያ ነው። በዓይን አይታይም። ድሮ አይበላም ነበር፤ እየዋለ እያደረ ለመደ።»

«እኮ ፌስታሉን ይብላዋ! ከቱቦዬ ምን አለው?»

«ለሱ ሁሉም አንድ ነው። ፌስታል፣ ቱቦ ብሎ አይመርጥም።»

«መድኃኒት የለውም?»

«ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሏል። የብረት ቱቦ እንጠይቃለን፤ ግን የከተማውም እየፈረሰ ነው። ሆስፒታሉም የውሃ ያለህ እያለ እየጮኸ ነው። ተራ እስኪደርሰን…» አለና ቁራጩን መለሰላቸው።

እሱ ሲሄድ እትየ የብርጓል ቁራጩን እንደ ያዙ ቱቦው ከተቆፈረበት ቦይ ዳር ተቀመጡ። ለትሕትና ጊዜ አልቃሽ ከቧቸው ነበር፤ ለቱቦ ግን ማን ይደርሳል? ብቻቸውን አለቀሱ።

ሰኔ ግም ሲል ሴቱ እንስራ አዝሎ ወንዝ ሊወርድ ሆነ። እትየ የብርጓል ቤተ ክርስቲያን ሄደው ከቄሰ ገበዙ ከአባ ባዘዘው እግር ላይ ወደቁ።

«አባቴ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ የሚወርደውን ውሃ ይፍቀዱልን። ወንዙ እስኪጎድል ሰው አይውረድ።»

አባ ባዘዘው እያነሷቸው፣ «ዝናሙስ የእግዜር አይደል? እኛ ማን ሆነን እንከለክላለን?» አሉ።

ከክፈፉ ሥር እንስራና የብረት በርሜል ተደረደረ። ያን ክረምት ወንዙ ማንንም አልወሰደም።

ጥቅምት ሲጠባ ግን ሰማዩ ጠራ፤ እንስራውም ጎደለ። መንደሩ ወደ ወንዙ ተመለሰ። ጎረቤታቸው ወለተ ሰንበት እርጉዝ ናትና እትየ የብርጓል እንስራዋን ቀምተው አዘሉላት። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ቆሙ።

«እትየ፣ እኔ ልያዘው። እርስዎ ይብቃዎ» አለች ወለተ ሰንበት።

«ይህን ዳገት ዳግመኛ ውሃ አዝዬ እወጣዋለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር» አሉ።

እንስራውን ግን አልሰጧትም። ማዘያውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።