ከአስተያየት ደብተሩ የቀደድኩት ገጽ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም፣ ለባሌ አልተናገርኩም፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቱንም፣ ቁጣውንም፣ የሻርኩትን ጾምም ሁሉ እዘረግፍላቸዋለሁ። እዚህች ላይ ስደርስ ግን ዘልያት አልፋለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። እንግዲህ ኑዛዜ ላይ መዋሸትም ተጨመረበት ማለት ነው። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ይሆናል። ፈሪ ነኝ፤ ያኔም ፈሪ ነበርኩ።

የሠራሁት ይህ ነው። ከአንድ ደብተር ሁለት ገጽ ቀደድኩ። አንዱን ለሰው ሰጠሁ፣ ሌላውን ደበቅሁ። «ሁለት ወረቀት ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዓመት ያስጨነቀሽ?» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ቆዩኝ።

ነገሩ ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። በከተማችን ታችኛው ሰፈር በሲቀላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጋሽ ታደለ የሚባሉ ሰው ፎቶ ኮፒ ቤት ነበራቸው። ኢንተርኔቱ ደህና በሠራ ቀን በሥዕል የሚተረክ የጃፓን ታሪክ፣ ማንጋ የሚባለውን፣ ያወርዱና ያትሙ ነበር። ከዚያ በክር ሰፍተው ያውሱናል። አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ያነበበ ሁሉ ሲመልስ ጠረጴዛው ላይ በሲባጎ በታሰረው ደብተር አስተያየቱን መጻፍ አለበት። «አስተያየት ያልጻፈ ቀጣዩን አይወስድም» ይላሉ። አለቀ። ለምነሽም አይሆንም።

በጣም የምንሻማበት ታሪክ ስለ አንዲት መቃብር ቆፋሪ ነበር፤ እኛ «ቆፋሪዋ» እንለው ነበር። አገሯን አውሬዎች ወረውት ሙታኑን ይበላሉ። እሷ አንድ ጎኑ የተሳለ አካፋ ይዛ አውሬውን ትቆርጣለች፣ የተረፈውን አስከሬን ታጥባ ትቀብራለች። አቤት ደሙ! አቤት የሚበረው ጭንቅላት! ደብተሩ ላይ አንዱ «ጋሽ ታደለ፣ ቀለም አስጨረሱን እኮ» ብሎ ጻፈ። አንድ የባጃጅ ሹፌር «አካፋዋን የት እንዳሳለች ይነገረን» አለ። ሌላው «ሕፃናት እንዳያዩት፤ እኔም ባላየሁት» ብሎ ጽፎ ቀጣዩን ክፍል ወሰደ።

እኔ የመምህር ልጅ ነኝ። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ፣ የቀረ ሰው ነው፤ ቤታችን መጽሐፍ አይጠፋም፣ አማርኛም የእኔ ነው ብዬ የምኮራ ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ አስተያየቴን በትልልቅ ቃላት አስጊጬ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ከሥሩ ምን ተጽፎ ባገኝ ጥሩ ነው? «እህቴ፣ ለፈተና ነው እንዴ?»

ሰው ተሰልፎ የሚያነበው የዘነበችን ነበር። ዘነበች ደጋው ላይ ያለችው መንደር፣ የኦቾሎ፣ ልጅ ናት፤ ለትምህርት ወርዳ ሲቀላ አክስቷ ዘንድ ትኖር ነበር። ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር እንጋራለን፣ ሰንበት ትምህርት ቤትም አብረን እንዘምራለን። የአፍ መፍቻዋ ጋሞኛ ነው፤ አማርኛ ስትናገር ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርገዋለች፣ ልጆቹም ይስቁባታል። እኔም ስቄአለሁ። ስትጽፍ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ታላቅ ወንድሟ አዲስ አበባ በሽመና ሥራ ላይ እያለ ታሞ ሞተ፤ ቤተሰቡ ሳይደርስ እዚያው ተቀበረ። እና ስለ ቆፋሪዋ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ለደሙ ብዬ አይደለም የማነበው። ከደሙ በኋላ የሟቹን ፊት ታጥባለች። እኔ የወንድሜን ፊት አላየሁም።» ያ የባጃጅ ሹፌር ይህን አንብቦ ኮፍያውን አውልቆ ሲቆም በዓይኔ አይቻለሁ። ለእኔ ግን «ለፈተና ነው እንዴ»!

ቅናት ነው። ሌላ ስም አልፈልግለትም። በጓደኛዬ ቀናሁ፤ ያውም በማንም ላይ ክፉ በማታስብ ልጅ።

አንድ ክፍል ላይ ቆፋሪዋ የገዛ ወንድሟን አስከሬን ታቅፋ ሦስት ቀን ትጸልያለች። ማንም አይመልስላትም። በሦስተኛው ቀን ከጉድጓዱ ውስጥ አውሬው «እኔ ልመልስልሽ» ይላታል። ዘነበች በዚህ ላይ ሁለት ገጽ ጻፈች። የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ እንዲህ ይላል፦ «እግዚአብሔር ዝም ሲል አውሬው ብቻ መለሰላት። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አውሬውን እሰማው ነበር።» ሐሳቡ እዚያ አያልቅም፤ ቀጣዩ ገጽ ላይ ይቀጥላል። እኔ ሁለቱንም አንብቤአለሁ። አንብቤአለሁ፣ ገብቶኛል፣ እያወቅሁ ቀደድኳቸው። ሌላ ሰው ሳያነባቸው፣ ጋሽ ታደለ ወረቀት ሊያመጡ ወደ ጓዳ ሲገቡ ቀደድኳቸው።

የመጀመሪያውን ገጽ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ሰብሳቢ ወስጄ ሰጠሁ። «ለነፍሷ አስቤ ነው» አልኩት። አፌ እንዴት ቻለው?

እሑድ ከትምህርቱ በኋላ ጠሯትና መዘምራኑ ፊት ገጹ ተነበበ። ዘነበች አልተቆጣችም፤ ግራ ገብቷት ዙሪያውን አየች። «ይሄ ቀጣይ አለው» አለች። «ጽፌአለሁ። ቀጥሎ ያለውን አንብቡት።» ሰብሳቢው ሁለት ልጆች ወደ ጋሽ ታደለ ላከ። ተመልሰው «ቀጣይ የሚባል የለም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አልነበረም። ቀጣዩ ገጽ ጭኔ ላይ በያዝኩት የመዝሙር ደብተር ውስጥ ታጥፎ ነበር። ከእሷ በሦስት ወንበር ርቀት ተቀምጫለሁ። «ጽፌአለሁ፣ እውነቴን ነው» እያለች ከሁሉ ሰው መርጣ እኔን አየችኝ። እኔ የነጠላዬን ጥለት አየሁ። ደፋር ብቻ ሳትሆን ውሸታምም ተባለችና ከመዘምራን ተሰረዘች። አክስቷም ወሬው ሲደርሳት «የሰይጣን ነገር ቤቴ አላስገባም» ብላ ወደ ኦቾሎ መለሰቻት።

እዚህ ላይ ባበቃ ኖሮ ለንስሐ አባቴ በነገርኳቸው ነበር።

ዘነበች በተመለሰች በጥቂት ሳምንት ውስጥ እናቷ አልጋ ያዘች። ደገኛው ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ይጾማል፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ መከራ ሲበረታ አንድ የአባቶች ጥያቄም አለ። ጎሜ ይሉታል፤ ሰው አጥፍቶ የደበቀው ነገር በቤቱ ላይ የሚያመጣው መዓት ነው። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ያጠፋ ሰው ተነሥቶ በሸንጎ ይናገራል፣ ከዚያ ይታረቃል፣ ይመረቃል። ደግ ሥርዓት ነው፤ ስንት ቤት ያዳነ። ጥፋቱን ያጠፋው ሰው የተናገረ እንደሆነ ማለቴ ነው።

የታመመችውን ልንጠይቅ ከክፍላችን ሦስት ሆነን የወጣነው ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ቀን ኖሯል። የዓባያ ሐይቅ ከታች ይታያል፣ ሰዉ ከዛፉ ሥር ሣሩ ላይ ተቀምጧል፣ እኛንም እንግዳ ናቸው ብለው ወደ ፊት አስጠጉን። ዘነበች መሐል ቆማ ነበር። በቋንቋዋ ተናገረች፤ ጋሞኛ የምትችለው የክፍላችን ልጅ በጆሮዬ ተረጎመችልኝ። «የማይነበብ አንብቤአለሁ፣ የማይጻፍ ጽፌአለሁ፣ ያልጻፍሽውን ጻፍኩ ብለሽ ዋሽተሻልም ተብያለሁ። እናቴ በእኔ ምክንያት አትሙት።» አባቷ መሬት መሬቱን ያያል። ከዚያ አንድ አዛውንት ተነሡና ዙሪያውን እያዩ ጠየቁ። ልጅቷ ተረጎመችልኝ፦ «ያጠፋም፣ አይቶ የደበቀም ሌላ ሰው ካለ አሁን ይናገር።»

ዓይናቸው እኔ ላይ ትንሽ ቆየ። ወይስ ለእኔ ነው የመሰለኝ? አላውቅም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ፤ «እኔ»። አሁን እነሆ በየመስመሩ እኔ፣ እኔ እላለሁ፤ ያኔ ግን አልወጣኝም። አባቴ ቢሰማስ አልኩ፣ ፈተናው ደርሷል አልኩ፣ ደግሞስ ይህ የእነሱ ባህል ነው፣ እኔን ምን አገባኝ አልኩ። አቤት ድፍረት! በሰዎቹ ባህል በጓደኛዬ ላይ እያስፈረድኩ ባህሉን ናቅሁ።

አዛውንቱ መረቁ። እናቷም ዳነች።

አዎ፣ ዳነች። ደስ አይልም? ደስ ይላል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ምክንያቱም እናቲቱ ስትድን ጥፋቱ የዘነበች መሆኑን ያልተቀበለ ሰው አልቀረም። አባቷ ደብተሮቿን ሰብስቦ «ንባብ ይብቃሽ» አላት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስንቀመጥ ከወንበሬ አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። እኔ አለፍኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ምን እንዳጠናሁ ልንገራችሁ? አማርኛ። ዛሬ አስተማሪ ነኝ፤ ልጆች በነፃነት አስተያየታቸውን እንዲጽፉ አስተምራለሁ። ሳቁብኝ፤ ይገባኛል።

አሥር ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ሲቀላ ገበያ ላይ «እህቴ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘነበች ናት፤ ልጅ አዝላ፣ የፈተለችውን ጥጥ ዘርግታ ትሸጣለች። ተነሥታ አቀፈችኝ፣ እጄን ይዛ አልለቅ አለች። «አሁንም ታነቢያለሽ? ቆፋሪዋ መጨረሻው ምን ሆነ?» አለችኝ። እሱን ጉድ ከዚያ ወዲያ ነክቼው እንደማላውቅ አልነገርኳትም። «አልጨረስኩትም» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ጥጧን እያስተካከለች፣ እንደ ቀላል ነገር፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ያ ቀጣዩ ገጽ ግን አንዳንዴ ይገርመኛል። የጻፍኩት ይመስለኝ ነበር። ሰው ሁሉ የለም ሲል ጊዜ፣ እኔም አልጻፍኩት ይሆናል አልኩ። ሰው ሲያዝን ያልሠራውንም ሠራሁ ይላል አይደል?»

«ይላል» አልኳት። ይላል አልኳት! ሦስተኛዬ ነው። ከጴጥሮስ በምን አነስኩ? ጴጥሮስስ ወዲያው ወጥቶ አለቀሰ፤ እኔ ሸንኩርት ገዝቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በእኛ ተገላበጠ፤ እሷን ያስረሳኋት እኔ፣ የማልረሳውም እኔ። ትምህርቷን መውሰዴ አንሶ የገዛ እጇ የጻፈውን እንድትጠራጠር አደረግኋት።

ገጹ እስካሁን እኔ ጋ ነው። የመዝሙር ደብተሩ ተበጣጥሷል፣ እሱ ግን አለ። አንድም ቀን ልጥለው አልቻልኩም። በዘነበች ጠባብ ጠባብ ፊደል እንዲህ ይላል፦

«ግን የአውሬው መልስ ውሸት ነበር። ቆፋሪዋ ቸኮለች። ወንድሜ የሞተ ጊዜ ጓደኛዬ ከሴቻ ኦቾሎ ድረስ መጥታ ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀመጠች። ቋንቋችንን አታውቅም፣ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔን ያጸናኝ ያ ዝምታዋ ነው። የእግዚአብሔርም ዝምታ እንደ ጓደኛዬ ዝምታ ቢሆንስ?»

ያቺ ጓደኛ እኔ ነኝ።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ እሷም ልጅ ነበረች። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የፊታችን ቅዳሜ ወደ ኦቾሎ እወጣለሁ። አዛውንቱ በሕይወት ካሉ የጠየቁት ጥያቄ መልስ አለው፤ ከሌሉም ሸንጎው ቦታው ላይ ነው። አባቷም፣ ልጆቿም፣ ሰዉም ሲሰማ ተነሥቼ እናገራለሁ፤ የሚመጣብኝን እቀበላለሁ። ከዚያ በፊት ግን እሷን ለብቻዋ አገኛታለሁ። ገጹን እጇ ላይ አኖራለሁ፣ ሌላ ነገር ከመናገሬ በፊትም «ጽፈሽው ነበር» እላታለሁ።