ከመኪናው ይራቁ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሚሰፉት ደብረ ታቦር ውስጥ፣ የጭነት መኪኖች በሚያድሩበት መንገድ ዳር፣ በቤታችን በረንዳ ላይ ነበር። ቤቱ ውስጥ ብርሃን ስለሌለ ክሩና መርፌው አይታይም። እኛ ቤት «መኪና» ሲባል በእግር የምትረገጠው የስፌት መኪና ናት። «መኪናዋን ዘይት አጠጣት»፣ «ሳይመሽ መኪናዋን አልብሳት» ይሉኝ ነበር።

ጠዋት ጠዋት አገሩ ይበርዳል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ በብርድ አንዴ ከጠፋ ቶሎ አይነሳም፤ ያን ጊዜ ባትሪ እንኳ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ሾፌሮቹ ጎህ ሲቀድ ያስነሱትን ሞተር ቁርስ እስኪበሉ፣ ጭነት እስኪታሰር፣ የይለፍ ወረቀት እስኪመጣ አያጠፉትም። ወደ ግንባር የሚሄድ ኮንቮይ ሲያድርማ መንገዱ ሙሉ ይንተከተካል። ጭሱ መጀመሪያ ነጭ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ሲነዳ ይጠቁራል። ሰው ግን አይሸሸውም፤ ይሞቀዋል። ተሸካሚውም ወታደሩም ጭስ ማውጫው አጠገብ እጁን ዘርግቶ ይቆማል። አባቴም ጣታቸው ሲደነዝዝ ከመኪናቸው ሳይነሱ እጃቸውን ወደዚያው ይዘረጉ ነበር።

«ጋሼ፣ የምድጃ ኪራይ ይክፈሉ እንጂ!» ይላቸዋል አንድ የታወቀ ሾፌር።

«ምድጃህ ይጨሳል፤ እንጨትህ እርጥብ ነው።»

«የእኔ እንጨት እኮ ከአሰብ ማጣሪያ ድረስ ነው የሚመጣው!»

ይሳሳቃሉ። ከሳቁ በኋላ አባቴ ያስላሉ።

ሳሉ በአንድ በጋ ውስጥ ጠናባቸው። እኔን ግራ ያጋባኝ የሚብስበት ሰዓት ነበር። ጠዋት ጭሱ መሀል ያስላሉ፤ መኪኖቹ ሄደው፣ ጭሱ ጠፍቶ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ደረታቸው ይፏጫል፣ ዓይናቸው ይቀላል። እናቴ «ጭሱማ ሄዷል፤ ብርድ ነው የመታዎት» እያለች ጋቢ ትደርብላቸዋለች።

ኋላ ላይ፣ ሽፋኑ የወለቀ የሳይንስ መጽሐፍ አግኝቼ ብቻዬን ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። በሞተሩ ግለት ውስጥ ናፍጣው ብቻ አይደለም የሚቃጠለው። አየር ውስጥ ተጎራብተው ያለ ጠብ የሚኖሩት ናይትሮጅንና ኦክስጅንም በዚያ ግለት ተዋህደው ሳንባ የሚያቆስል ጋዝ ይሆናሉ። ያ ጋዝ ካልተቃጠለው የነዳጅ ትነት ጋር ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ሌላ ጋዝ ይወለዳል፤ ኦዞን ይባላል። ከላይ ከሰማይ ሲሆን ይጠብቀናል፤ እታች አፍንጫችን ድረስ ሲመጣ ግን ያቃጥላል። ለዓይን አይታይም። እናቴ ጭሱ ሄዷል ስትል ልክ ነበረች።

አባቴ ጤና ጣቢያ፣ ሐኪም በሌለበት በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር ዘንድ፣ የሄዱት ብቻቸውን ነው። ሲመለሱ በረንዳው ላይ ተቀመጡና መኪናቸውን ትክ ብለው አዩ።

«ምን አሉዎት?» አለች እናቴ።

«ሳንባዎ ተቆጥቷል አለኝ ድሬሰሩ። ከመኪናው ይራቁ አለኝ።»

«አላልኩም? መርገጡ ነው ደረትዎን የጨረሰው! ስንቴ ልናገር?»

ማናችንም የትኛው መኪና ብለን አልጠየቅንም። ልብስ ሰፊ ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ አይመጣም።

አንድ ሳምንት ያህል መኪናዋ ልብሷን ለብሳ ቆመች። አባቴ ግን እያዩዋት መቀመጥ አልቻሉም፤ ሐሙሲት ከተማ ልብስ ለሚሰፋው ለወንድማቸው ልጅ እንድትሰጥ አሉ። ደጃፋችን ሞተሩን ሳያጠፋ የቆመ የጭነት መኪና ላይ ጫንናት። ከዚያ በኋላ አባቴ ሥራ ስለሌላቸው ጠዋት ጠዋት በርጩማቸውን ወደ ጭስ ማውጫው ጠጋ አድርገው ይሞቁ ጀመር። ማታ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሽሮፕ ላመጣ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

«አባትህ ከመኪናው ራቁ?» አለኝ ድሬሰሩ።

«መኪናዋንማ ከሰጠናት ቆየን።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «መኪና አላችሁ እንዴ?»

«የስፌት።»

«እኔ እኮ ደጃፋችሁ የሚቆሙትን ነው ያልኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ጭሳቸውን።»

ለአባቴ ስነግራቸው አልተቆጡም። በረንዳው ላይ የመኪናዋ አራት እግሮች ያጎደጎዷቸውን ጉድጓዶች ተራ በተራ አዩ።

«ታዲያ መኪናዬ ምን አጠፋች?» አሉ።

የጉና ተራራ ገበሬ የሆኑ የድሮ ደንበኛቸው በበቅሏቸው መጥተው ጭስ ወደሌለበት አገራቸው ወሰዷቸው። እናቴ ብርዱ ይገድላቸዋል ብላ አለቀሰች። አልገደላቸውም። ሽቅብ መራመድ ባይችሉም፣ የገብሱ ማሳ ዳር ተቀምጠው ሳያርፉ ያወሩ ጀመር። ልጠይቃቸው ስሄድ ግን ቀኝ እግራቸው መሬቱን ቀስ እያለ ሲረግጥ አያለሁ። እሳቸው አያስተውሉትም።

«መኪናዬ ትምጣልኝ» አሉኝ አንድ ቀን። «እዚህ ምን የሚጨስ መኪና አለ?»

ሐሙሲት ወረድኩ። የወንድማቸው ልጅ በአክብሮት ተቀበለኝ፤ መኪናዋን ግን ሊሰጠኝ አልቻለም። የሰርግ ልብስ ተቆልሎበታል፣ ከጎኑ አራት ልጆቹ ምሳ ይጠብቃሉ። እኔም አላስጨነቅኩትም። ባዶ እጄን ስመለስ አባቴ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የት ሆኖ ነው የሚሰፋባት?»

«በረንዳ ላይ። መንገድ ዳር።»

እግራቸው ቆመ። «ሂድና ንገረው። ወደ ውስጥ ያስገባት።»

በሚቀጥለው ገበያ ሄድኩና ከነምክንያቱ ነገርኩት። ከልቡ ሰማኝ። ዞር ብሎ የቤቱን ውስጥ አየና «ወንድሜ፣ እዚያ ጨለማ ነው፤ ክሩ አይታየኝም» አለኝ። የአባቴን ቃል ልደግምለት አፌን ስከፍት አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ፊታችን ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። የወንድማቸው ልጅ አጎንብሶ መርገጡን ቀጠለ። የአባቴ መኪና መርፌ ስትወጣና ስትወርድ አያለሁ፤ ድምጿን ግን አልሰማም።