ወረቀት ላይ ያነጽነው የደናግል ቤተክርስቲያን

የያዙኝ ኒው ሆፕ ከተማ፣ አፓርትመንታችን ፓርኪንግ ላይ ነው። የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ጎረቤቴን ሊወስዷት ሲመጡ ታጣፊ ወንበሬን አውጥቼ መኪናቸው ፊት ቁጭ አልኩ። "ማዳም፣ ተነሺ" አሉኝ። "ጉልበቴን ያመኛል፤ ከፈለጋችሁ አንሱኝ" አልኳቸው። አነሱኝ! የምራቸውን ይሆናል ብዬ መች አሰብኩ።

ወስደው ሁለታችንን አንድ የእስር ክፍል አስገቡን። የሲሚንቶ መቀመጫ፣ ጥግ ላይ መጋረጃ የሌለው ሽንት ቤት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጎረቤቴ አገሯ ኢኳዶር ነው። ናርሲንግ ሆም ስናጸዳ ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል። በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንግባባለን፤ የቀረውን በእጃችን እንሞላዋለን። "ማማ" ነው የምትለኝ።

ከፖሊሶቹ አንዱ መጣና ለሷ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጣት። "ሳይን ካደረግሽ በሦስት ቀን አገርሽ ነሽ። ካላደረግሽ እዚሁ ትቆያለሽ። አስቢበት፣ መጣሁ።" በሩን ቆልፎ ሄደ።

ስንገባ ልጄ በስልክ "እማዬ፣ የያዝኩላችሁ ጠበቃ መንገድ ላይ ነው፤ እስኪደርስ እሷም ምንም እንዳትፈርም" ብላኝ ነበር። ይህንኑ ለጎረቤቴ ነገርኳት። እሷ ግን እስክሪብቶውን አነሳች። ከፈረመች አለቀ፣ ተመልሳ አትገባም።

"ማማ፣ ደከመኝ። ልፈርምና ይገላግለኝ።"

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ወረቀቱን አንብቤ ልከራከርላት አልችልም። በወሬ ግን ማን ይችለኛል!

"እሺ፤ መጀመሪያ እናትሽ አገርሽ ትጠርገው የነበረውን ቤተክርስቲያን ሳይልኝ። ሁሌ ታወሪልኛለሽ፣ አንድ ቀን እንኳ አላሳየሽኝም።"

"አሁን?"

"ታዲያ መቼ? ቀጠሮ አለብሽ?"

ወረቀቱ ከታች በኩል ባዶ ነበር፤ እዚያው ጀመረች። የፊት ግድግዳው ከፍ ያለ ነው። ምሰሶዎቹ እንደ ሹሩባ ተጠምዝዘው ላይ ድረስ ይወጣሉ፤ የወይን ሐረግ ተቀርጾባቸዋል።

"አሠራሩ ባሮክ ነው የሚባለው ማማ" አለችኝ።

"ባሮክ የኤርምያስ ጸሐፊ ነው፤ መች ግንበኛ ሆነ?"

አልገባትም፤ ግን ፈገግ አለች። ስፔኖች ሲገዟቸው ገዳም የገቡት ደናግል አሠሩት አለች፤ ጠራቢዎቹ ግን ያገሬው ሰዎች ናቸው። የምድር መንቀጥቀጥ የደወል ግንቡን ጣለው፤ መልሰው ሲሠሩት ፈርተው አሳጠሩት። ውስጡ ወርቅ ቅብ ነው። ከላይ ፍርግርግ አለ፤ ደናግሉ ከዚያ ጀርባ ሆነው ይዘምራሉ። ከገቡ አይወጡም፣ ሕዝቡ የሚያውቃቸው በድምፅ ብቻ ነው። አንዷ ስትሞት ድምፅ ይጎድላል እንጂ ፊቷን ያየ የለም። እናቷ መጥረጊያዋን ይዛ ዛሬ ማን ጎደለች ብላ ታዳምጥ ነበር አለችኝ።

ኮሪደሩ ላይ ቁልፍ ተንሿሿ። ሥዕሏን አቆመች።

"የሴቶቹ በርስ?" አልኳት ቶሎ።

"የሴቶች በር የለውም ማማ። በር አንድ ነው።"

"ሴቶች ያሠሩት ቤት የሴት በር የለውም? በወንዶቹ በኩል ልታስገቢኝ ነው? ከታች ክፈቺልኝ፣ ሰፋ አድርገሽ!"

ሳቋ አመለጣት። በሩን የፊርማው መስመር ላይ ከፈተችውና ጥቁር አድርጋ ሞላችው።

ሰውየው ገባ። ወረቀቱን አየ፣ ገለበጠ፣ መልሶ አየ። "ፊርማሽ የታለ?"

እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ። እስክሪብቶውን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

"አልፈርምም። ጠበቃዬን እጠብቃለሁ።"

"ሌላ ወረቀት አመጣለሁ።"

"አምጣ፤ ቤተክርስቲያኑ ገና ሦስት ጎን ይቀረዋል" አልኩት በአማርኛ።

ከሌላው ወረቀት በፊት ጠበቃው ደረሰ።

እኔን በዚያው ቀን ለቀቁኝ። እሷን ከብዙ ሳምንት በኋላ። ፍርድ ቤቷ ገና አላለቀም፤ ፖስታ በመጣ ቁጥር ሁለታችንም እንደነግጣለን። ቤተክርስቲያኑን የሣለችበት ወረቀት ፋይሏ ውስጥ ነው ይላል ጠበቃው። እዚያ እሷ አገር ፍርግርጉ ጀርባ ያሉት ደናግል ኒው ሆፕ ያለች አንዲት አሮጊት በር እንደጨመረችላቸው አያውቁም።