የእትዬ ሳሙናና የልጄ ውጤት

ሳሙና እጅ እጅ ይለኛል። የልብስ ሳሙና ማለቴ አይደለም፣ እሱማ ከእጄ ጠፍቶ አያውቅም። የመረረኝ ያ በወርቃማ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ሪባን ታስሮለት፣ አበባ ነኝ አበባ ነኝ የሚለው የስጦታ ሳሙና ነው። ቤታችን ውስጥ የሌለበት ቦታ የለም። ቁም ሳጥን ውስጥ አለ፣ አልጋ ሥር አለ፣ ለደንበኛ የምሰፋውን መጋረጃ ከምደረድርበት ጀርባም አለ። የምንበላው ዳቦ ሳይቀር ሳሙና ሳሙና ይላል። በቀደም አንዷ ደንበኛዬ መጋረጃዋን ተቀብላ አሸተተችና፣ "ምነው፣ አጥበሽ ነው እንዴ የሰፋሽው?" አለችኝ። ምን ልበላት? የእህቴ ነው አልላት ነገር። ፈገግ ብዬ ሒሳቤን ተቀበልኩ።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። ስምማ አላት፤ ግን ከእኔ ጀምሮ እስከ ሰፈሩ ባለሱቅ ድረስ ሁሉም እትዬ ነው የሚላት፣ ልጄ ሳትቀር። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልጄን ሚጣንም አብረን ነው ያሳደግናት፣ ምክንያቱም ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ እትዬ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነበር የምትሠራው። ከትንሿ መስኮት ወዲያ የታመመ ሰው ቆሟል፤ ከመስኮቱ ወዲህ እትዬ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ እስከ ጣሪያ የተደረደረ የካርድ መዓት። አንዳንዴ የሰው ካርድ ይጠፋል። ፈልጋ ፈልጋ ታጣዋለች። ሰውዬው በፌስታል ያንጠለጠላትን ነገር በመስኮቱ ቀዳዳ ሲያሾልክ ግን፣ ጉድ እኮ ነው፣ ካርዱ ከመቅጽበት ይገኛል።

አማኋት እንዳትሉኝ፤ ራሷ ናት የነገረችኝ፣ ያውም እየሳቀች። "እኔ መች ጠየቅኳቸው? እነሱ ናቸው የሚያመጡት!" ትላለች።

"ያላመጣውስ?" እላታለሁ።

"ያላመጣውማ ተራውን ይጠብቃል" ትለኛለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሻይዋን ፉት እያለች።

ክፉ ሰው ሆና አይደለም። ልጆች ሳለን እናታችን ታማ፣ ሁለታችን ደግፈን ወስደናት፣ ሐኪም ቤት አግዳሚ ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን ዋልን። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴትዮ እንቁላል በሳህን ይዛ መጣችና እኛን አልፋ ሰተት ብላ ገባች። እኛን ነገ ተመለሱ አሉን። እማዬ ልትነሳ ስትል ጉልበቷ ከዳትና እትዬ ትከሻ ላይ ተንጠለጠለች። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደዚያች ሴትዮ ያለ ሰው ባየሁ ቁጥር እንትፍ ማለት ያምረኛል። እትዬ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ባዶ እጇን የትም ሄዳ አታውቅም።

እና የትምህርት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል እትዬ ሹመት ያገኘች ነው የምትመስለው። የሰፈሩ እናቶች ለአስተማሪ የሚሆን ርካሽ ስጦታ ሲቸግራቸው፣ ሳሙናውን በጅምላ ገዝታ ጠቅልላ የምትሸጠው እሷ ናትና፣ እሷ ዘንድ ይመጣሉ። እኔ ስፌት ማሽኔ ላይ አቀርቅሬ፣ ጆሮዬ ሳይወድ በግድ ይሰማል። "ሲያነሱት ከበድ የሚል ነገር ግዢ፤ የከበደ ነገር ውድ ይመስላል" ትላለች። "ኩባያ የሚባል እንዳታስቢ! የአስተማሪ ቤት በኩባያ ብዛት ሊፈርስ ነው። ለወንድ ካልሲ፣ ለሴት ሻርፕ። ዋጋ ከተለጠፈበት በዘይት አሸት አሸት አድርገሽ አንሺው። ለክፍል ኃላፊው ሳሙናው ላይ ፎጣ ጣል አድርጊበት፤ ለስፖርትና ለሥዕል አስተማሪ ሳሙናው ብቻውን ይበቃል፣ እነሱ ደግሞ ማንን ጥለው ያውቃሉ?" እናቶቹ ይስቃሉ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ ታደርግና፣ "ዋናው ነገር ውጤት ሳይሠራ ማድረስ ነው። ውጤት ከወጣ ወዲያማ ምን ይሠራል?"

ደሜ ይፈላል። መቀሴን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጌ፣ "እና ይሄ ምስጋና ነው? ጉቦ በይውና ይውጣልሽ!" እላታለሁ።

"አንቺ ደግሞ! ሳሙና ጉቦ ሆኖ ያውቃል?"

እናቶቹ ይስቃሉ፣ ሳሙናቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ቤቱን ያው ሽታ ሞልቶት ይቀራል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ወደ እኔው ቤት ዞረ። ሚጣ ስድስተኛ ክፍል ናት። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሂሳብ ወደቀች። ሁለተኛውንም ብትወድቅ ክፍሉን ልትደግም ነው፤ ጓደኞቿ ሲያልፉ እሷ ከትናንሽ ልጆች ጋር ልትቀመጥ። ልጄ እህል አልወርድላት አለ። የሂሳብ አስተማሪያቸው ሽበት የወረረው፣ ሳቅ የማያበዛ ሰው ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ ምን እላለሁ፣ ሰውዬው በሕይወት አለ፣ ዕድሜውን ያርዝመውና፣ ሂሳብ የከበዳቸውን ልጆች ከትምህርት በኋላ እያስቀረ በነጻ ያስጠናቸው ጀመር። ሚጣ አንድ ቀን አልቀረችም። ቤት ስትመጣ ደግሞ የስፌት ጠመኔዬን ነጥቃኝ የቁም ሳጥኑ በር ላይ ክፍልፋይ ትሠራለች። ትሳሳታለች፣ በክንዷ ትጠርገዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ይብቃሽ ብላት አትሰማኝም። እልኸኛ ናት፣ በኔ ነው የወጣችው።

አንድ ቀን ከዚያው ከበሩ ሳትዞር፣ "እማ፣ ለቲቸር ስጦታ እንግዛለት" አለችኝ።

"ምን?"

"እኔንጃ። ጣቶቹ በጠመኔ ተሰነጣጥቀዋል። ሲጽፍ ያመዋል መሰለኝ፣ እየቆመ እፍ እፍ ይልባቸዋል።"

ሱቅ ለሱቅ ዞርን። ሸሚዙን አየነው፣ የእኛ አቅም አይደለም። እስክሪብቶ አለው አለችኝ፣ በኪሱ ደርድሮ። በመጨረሻ መድኃኒት ቤት ገብታ ራሷ ጠይቃ ግሊሰሪን መረጠች፣ ትንሿን ጠርሙስ። ከመጋረጃ ከተረፈኝ ጨርቅ ቁራጭ ሰጠኋትና ጠቅልላ በክር አሰረችው። ሲያዩት ምንም አይደለም፤ እኔ ግን ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ሚጣን ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። "ውጤት ከወጣ በኋላ ነው የምትሰጪው። ብታልፊም፣ ብትወድቂም።"

"ብወድቅም?"

"ብትወድቂም። የምታመሰግኚው ስላስጠናሽ ነው።"

ትንሽ አሰበችና እሺ አለች። ከደብተሮቿ ጀርባ ሸጎጠችው።

ፈተናው ተፈትኖ አስተማሪዎቹ እርማት ላይ ሳሉ ከትምህርት ቤት ተደወለልኝ፤ የሂሳብ አስተማሪው ይፈልግዎታል አሉኝ። ወደቀች ብዬ ስፌቴን ጥዬ ሄድኩ። መምህራን ክፍል ስገባ ብቻውን ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ተከምሯል። ሰላምታዬን እንኳ በደንብ ሳይመልስ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አንድ የስጦታ ቦርሳ አወጣ። ሳላየው በፊት ሽታው ነገረኝ። ሳሙና፣ ፎጣ፣ ካልሲ፣ እትዬ ከየት እንዳመጣችው እንጃ ሸሚዝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የልጄ ጥቅልል በኔው መጋረጃ ጨርቅ። ክው አልኩ።

"ታላቅ እህትዎ ነኝ ያሉ ሴት ናቸው ያመጡት" አለኝ። "'ልጅቷን አደራ፣ እንዳትወድቅብን' ብለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ተከትዬ ብጣራም አልዞሩም።" ይህን እያለ ቆሻሻ እንደነካ ሰው መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። "ለመሆኑ እኔን ምን አድርገው ቢያዩኝ ነው?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። "መምህር፣ በልጄ እምላለሁ፣ አላወቅኩም። ይቺ ትንሿ ብቻ ናት የልጄ፣ እሷም ውጤት ከወጣ በኋላ..."

"ሁሉንም ይውሰዱልኝ" አለ። ድምፁን አልጨመረም፣ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "የልጅቷን ወረቀት እኔ አላርመውም። ለሌላዋ የሂሳብ አስተማሪ ሰጥቻለሁ። እኔ ባሳልፋት ሳሙናው ነው ይባላል፤ ብጥላት ደግሞ ቂም ነው ይባላል።"

እንዴት ከዚያ ክፍል እንደወጣሁ አላውቅም። መንገዱን ሙሉ ያ ቦርሳ ጉልበቴን እየመታ፣ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ እየገባ ተጓዝኩ። ቤት ስደርስ ሚጣ የለችም፣ እትዬ ሪባን እየቆረጠች ነው። ቦርሳውን እግሯ ሥር ወረወርኩት። ሳሙናው ተበታትኖ ከማሽኔ ሥር ገባ።

"መለሰው?" አለች ዓይኗን አፍጥጣ። ይሉኝታ የለ፣ እፍረት የለ። "ምነው፣ አነሰው እንዴ?"

"አነሰው?! አንቺ ሴትዮ ምን ዓይነት ፍጥረት ነሽ? ሰውዬው ተጸይፎሽ ነው! ልጄን ሲያስጠና የከረመ ሰው ዛሬ ዓይኔን ማየት ጠላ!"

"ሁሉም መጀመሪያ እንዲያ ነው የሚሉት። እኔ ስንቱን አውቃለሁ።"

"ወረቀቷን እሱ አያርመውም፤ ለሌላዋ አስተማሪ ሰጥቷታል። በቃ፣ አርፈሽ ቁጭ በይ!"

"ለየቷ?" አለች።

አልመለስኩላትም። አንጀቴ ቅጥል ብሎ ከሷ ጋር አፍ መካፈት አስጠላኝ። የልጄን ጥቅልል ከደብተሮቿ ጀርባ መለስኩት፣ ሚጣ ምንም እንዳታውቅም ወሰንኩ። ፈተናዋን ሠርታለች፤ ከዚህ በኋላ ይህን ሸክም ለምን ትሸከም? እትዬም ዝም አለች። እሷ ዝም ማለቷ ደስ አለኝ፣ ለአንዴ እንኳ ገብቷታል ብዬ።

የውጤት ቀን ሚጣ ከግቢው በር ጀምራ እየጮኸች ገባች። አልፋለች! ሂሳብንም ጭምር፣ ያውም ጥሩ አድርጋ። ቤቱ ውስጥ ጮቤ ረገጠች፣ እኔን አቀፈችኝ፣ እትዬን አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት፣ የቁም ሳጥኑን በር ሳይቀር ሳመችው። እኔ እንባዬ መጣ። ወጥ የነካው እጄን ሳልጠርግ ወረቀቷን ተቀብዬ ደጋግሜ አነበብኩት። ልጄ ደግሞ ወዲያው ሮጣ ሄዳ ከደብተሮቿ ጀርባ ጥቅልሏን አወጣች። "እማ፣ አሁኑኑ ልውሰድለት? ሳይሄድ ልድረስበት!"

እትዬ ከት ብላ ሳቀች። "አንቺ ሞኝ! አሁን ምን ያደርግለታል? እሱን ለእትዬሽ ተዪው። እኔ ቀድሜ ባላደርስልሽ ኖሮ ዛሬ እንዲህ ትዘዪ ነበር?"

ሚጣ ቆመች። "ምኑን ነው ያደረስሽው?"

ይሄኔ እኔ ፈነዳሁ። የደበቅኩትን ሁሉ፣ ቦርሳውን፣ ሰውዬው መልሶ መስጠቱን፣ ወረቀቷን አላርምም ማለቱን፣ አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት። "አትስሚያት ልጄ! መለሰው እኮ! አንዲት ነገር አልነካም! ያረመችሽ ሌላዋ አስተማሪ ናት፣ አንቺን አታውቅሽም፣ መልክሽን እንኳ አታውቀውም። በላብሽ ነው ያለፍሽው፣ ገባሽ?"

ሚጣ ጠጋ ብላ ወረቀቷን ከእጄ ወሰደችው። የሂሳቡን ውጤት ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ሳታለቅስ፣ ሳትቆጣ፣ እኔንም እትዬንም አንድ ላይ እያየች ጠየቀችን።

"ለሷስ ምን ሰጣችኋት?"

"ኧረ እኔ!" አለች እትዬ ደረቷን ደቅታ። "እኔ ሴትዮዋን በዓይኔ አይቻት አላውቅም! በሞተችው እናቴ! ሰው እንዴት እንዲህ ይላል?"

እውነቷን ሊሆን ይችላል። ልጄ ግን አላመነቻትም። እኔም ዞሬ ፊቷን አየሁት፣ እኔም አላመንኳት።