በእግሩ ይመጣል

ባለፈው ሳምንት ባጃጄን ገበያው ጋ አቁሜ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ፣ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ መጥታ ገባች።

«ማንኪራ ድረስ ውሰደኝ። አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ሁለት ቀን ቀርታለች።»

የየት ተማሪ ነሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ይሄ ደንብ ያለው የካቶሊኮቹ ትምህርት ቤት ነው። እኔም አስረኛ ክፍል ላይ እስካቋርጥ እዛው ነበርኩ።

ልጅ ሁለት ቀን ከቀረ፣ አብሮት የሚቀመጠው ቤቱ ድረስ ሄዶ በዓይኑ አይቶት ይመጣል። በሶስተኛው ቀን ሰልፍ ላይ ይናገራል። ከታመመ የሲስተሮቹ መኪና ይሄዳል። ያቺ መኪና ምጥ የያዛትንም፣ ሬሳም፣ የቡና ችግኝም ስታመላልስ ነው የኖረችው። ኦርቶዶክስ ነህ፣ ጴንጤ ነህ ብላ አታውቅም። ገጠር ያለ ሰው ሁሉ ይሄን ያውቃል። ችግሩም እሱ ነው፣ ማወቃቸው።

ከኔ ጋ የሚቀመጠው አድማሱ ነበር፣ የማንኪራ ልጅ። ሂሳብ እሱ ይሰራል፣ እኔ እገለብጣለሁ። ወሬ እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይስቃል። ግንቦት ላይ ቀረ። የማር ጊዜ ነው፣ ከአባቱ ጋ ቀፎ ሊያወርድ ዛፍ ላይ ወጥቶ ነው አልኩ ለራሴ። የምሄድበት ቀን ከሰዓት ዝናብ ጣለ፣ መንገዱ እስከ ጉልበት የሚውጥ ጭቃ ሆነ። እኔ ደግሞ አዲስ ጫማ ነበረኝ። ለጫማ ብዬ ነው እንግዲህ የቀረሁት።

ጠዋት ሰልፍ ላይ ዳይሬክተሯ ሲስተር ማርታ «አድማሱስ?» አሉኝ።

«ደህና ነው ሲስተር። ማር እየቆረጡ ነው።» ምላሴ ድሮም አይዘገይም።

ሾፌሩ ጋሽ ወልዴ መኪናውን እያሞቁ ነበር። «በዛ በኩል ችግኝ አደርሳለሁ፣ ልጁን ይዤው ልምጣ?»

«አይልፉ ጋሼ፣ በእግሩ ይመጣል።»

በሳምንቱ አጎቶቹ በቃሬዛ ሆስፒታል አመጡት። ለካ ከዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። ወጌሻው አጥብቆ አስሮት ከእስሩ በታች ጠቁሯል። እናቱን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አገኘኋቸው። አልተቆጡኝም።

«ተማሪ ይመጣል፣ መኪና ይጠራልናል ብለን በር በሩን ስናይ» አሉኝ። «ዝናቡ ነው አይደል የከለከለህ፣ ልጄ?»

እግሩን ቆረጡት። ሲስተር ማርታም አላባረሩኝም። ያው ወንበሬ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ፣ አጠገቤ ባዶ። ወር አልቆየሁም፣ ወጣሁ።

አሁን አድማሱ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ይጠግናል። ሳልፍ እጁን ያነሳልኛል። ቢሰድበኝ መልስ አላጣም ነበር።

ልጅቷ አስፋልቱ ሲያልቅ ጭቃውን አየችና «እዚህ ጋ አዙረው ጋሼ። ደህና ናት እላቸዋለሁ» አለች።

እንዴት እንደጮህኩባት እንጃ። ባጃጁ ሲሰምጥ ወርጄ ገፋሁ፣ አልወጣ ሲለኝ ትቼው አብሬያት ሄድኩ። እሷ ስትገባ እኔ አጥሩ ጋ ቆምኩ። ማንኪራ ሩቅ አይደለም። ያን ጊዜ ሳልሄድ የቀረሁት መንገድ ይሄ ነው፣ ይሄን ያህል ብቻ።

ቶሎ ተመለሰች። «ጥርሷን አሟት ነው። እናቷ ነገሩኝ።»

«እሷንስ? በዓይንሽ አየሻት?»

ወደ ባጃጁ መራመድ ጀመረች።

«ተመለሽ፣ ግቢና እያት» አልኳት። «እኔ እዚሁ ነኝ።»