መስኮቴ ሥር የታጨደ ገብስ

ባለቤቴ የባሌዋ ጎባ ሲመደብ እኔ የአዲስ አበባ ሥራዬን አልለቀቅኩም። የአጋዥ መጻሕፍት አሳታሚ የሆነች ትንሽ ድርጅት አርታኢ ነበርኩ። ከጎባ አጠገብ ባለችው ሮቤ ዳር፣ እርሻው ከሚጀምርበት፣ ቤት ተከራየን። ረቂቁን ኢንተርኔት ቤት ሄጄ በፍላሽ እቀዳለሁ፤ ቤቴ ተቀምጬ አርሜ እመልሳለሁ። ደንባችን ቋንቋው የእኔ፣ ይዘቱ የደራሲው የሚል ነበር። ደንቡን እወደው ነበር፤ ከኃላፊነት ያሳርፋል።

አንድ ሐምሌ የአራተኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ ሳርም፣ «የአገራችን ገበሬ በክረምት ይዘራል፤ በበጋ ያጭዳል። በክረምት የሚታጨድ እህል የለም» የሚል አገኘሁ። አራት ነጥቡን አስተካከልኩ። ባሌ አገር ግን በዓመት ሁለቴ ይታጨዳል። ያን ዕለት እንኳ አከራያችን፣ ሁላችንም ሀጂ የምንላቸው አዛውንት፣ መስኮቴ ሥር ገብሳቸውን ያሳጭዱ ነበር። አላየሁም አልልም። ይዘት ነው ብዬ አለፍኩ።

መጽሐፉ ታተመ፤ ሮቤ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤትም ገዛው። በዓመቱ ሀጂ የልጅ ልጃቸውን የፈተና ወረቀት ይዘው ቤቴ መጡ። ገብስ መቼ ይታጨዳል ለሚለው ጥያቄ ልጅቷ ሐምሌና ታኅሣሥ ብላ ጽፋለች፤ መልሱ ላይ ቀይ ኤክስ ተደርጎበታል። የነገሯት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ እርሻ ምንም አትጠይቀኝም አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ሰለለ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ የመጽሐፍ ሰው ነሽ። ይሄን የጻፈው ሰውዬ ባሌን አያውቅም መሰለኝ። ንገሪልኝ» አሉኝ።

ደራሲው ላይ ማላከክ ቀላል ነበር። ግን በእኔ እጅ እንዳለፈ፣ እሳቸው ሲያሳጭዱ እያየሁ እንዳለፍኩት ነገርኳቸው።

ወረቀቱን ቀስ ብለው አጣጠፉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያን ሰሞን ከዚያው ማሳ እሸት ልኬልሽ አልነበር?» አሉ።

ልከውልኛል፤ በልቻለሁም። አፈርኩ፤ እስከ ዛሬም አፍራለሁ።

ተከትያቸው ወጣሁ። ልጅቷ ደጃፉ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ፣ አያቷ እውነቱን እንደነገሯት፣ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ አስረዳኋት። ሁለተኛው እትም ላይ እንደማስተካክለውም ቃል ገባሁ። በትሕትና አዳመጠችኝ።

«እሺ» አለች፤ «ለፈተና ግን የመጽሐፉን ነው የምጽፈው።»

ሀጂ ፊታቸውን አዙረው ወደ ማሳቸው ሄዱ።